ክንድን ለማደንዘዝ የሚወጋው መድኃኒት መጠን እንዴት ይወሰናል?

መንጌ ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚወጣበት አገር ነው። ጉድጓድ በሚቆፍር ሰው ላይ አፈርና ድንጋይ ቢናድበት፥ ወይም ዶማው ቢስተው፥ ክንዱ ሊሰበር ወይም እጁ ክፉኛ ሊቈስል ይችላል። እንዲህ ያለው ቍስለኛ ወደ አሶሳ ሆስፒታል በተወሰደ ጊዜ ሐኪሙ ሰውዬውን ሳያስተኛ ክንዱን ብቻ አደንዝዞ ሊያክመው ይችል ይሆናል። በዚህን ጊዜ ቤተ ዘመድ፥ «ዶክተር፥ ሕመሙ ብርቱ ነውና መድኃኒቱን ያብዙለት» ብሎ ይለምናል። ልመናው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው።

የክንድ ነርቮች ከአንገት አጥንቶች መካከል ወጥተው በብብት በኩል ወደ እጅ ይወርዳሉ። መድኃኒቱ በአጠገባቸው ሲወጋ የሕመሙ መልእክት ወደ አንጎል እንዳያልፍ ያግደዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ደም ስለሚገባ፥ ከልክ ካለፈ አንጎልንና ልብን ይመርዛል። ስለዚህ የመጠኑ ወሰን የሚለካው በሕመሙ ብርታት ሳይሆን በሰውዬው ክብደትና በጤናው ሁኔታ ነው።

በ1943 እ.ኤ.አ. በስዊድን አገር የተሠራው ሊዶኬይን ለአዋቂ ሰው ብቻውን ሲሰጥ የተለመደው ወሰን ለአንድ ኪሎ ክብደት 4.5 ሚሊግራም፥ በጠቅላላውም 300 ሚሊግራም ነው። አድሬናሊን ሲጨመርበት ደም ሥሮቹን ስለሚያጠብና መድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ፥ ወሰኑ በኪሎ እስከ 7፥ በጠቅላላው እስከ 500 ሚሊግራም ይደርሳል። ቡፒቫኬይን የተባለው ግን ረዘም ላለ ሰዓት ቢያደነዝዝም ለልብ የበለጠ አስጊ ስለ ሆነ፥ ወሰኑ በኪሎ 2 ሚሊግራም ገደማ ነው።

ምሳሌ እንስጥ። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው አድሬናሊን የሌለው ሊዶኬይን ቢሰጠው ወሰኑ 225 ሚሊግራም ነው። ባለ 1 በመቶው መድኃኒት በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም ስላለው፥ ይህ 22.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ባለ 2 በመቶው ከሆነ ግን ከ11 ሚሊ ሊትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። የጠርሙሱን ጽሕፈት ሳያነብ የወጋ ሰው እጥፍ መርዝ ሰጠ ማለት ነው። ለሽማግሌዎች፥ የጕበት ወይም የልብ ሕመም ላለባቸውም መጠኑ ይቀነሳል። ሁለት ዓይነት ማደንዘዣ በአንድነት ሲሰጥ ደግሞ የሁለቱም ጕዳት ይደመራል።

የመመረዝ የመጀመሪያ ምልክቶች የምላስና የከንፈር መደንዘዝ፥ የብረት ጣዕም፥ የጆሮ ጩኸትና መፍዘዝ ናቸው። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ፥ ራስን መሳትና የልብ መቆም ሊመጣ ይችላል። እነዚህን የመጀመሪያ ምልክቶች ከበሽተኛው በቀር ሌላ ሰው አያውቃቸውም። ስለዚህ በርታኛ ብቻ የሚናገረውን ቍስለኛ የሚያጅብ መምህር ወይም ዘመድ፥ «ጆሮህ ቢጮህ ቶሎ ተናገር» ብሎ በቋንቋው አስቀድሞ ቢነግረውና ቃሉን ለሐኪሙ ቢያስተረጕም፥ ሐኪሙ መርፌውን በጊዜ አቁሞ ሕይወቱን ለማዳን ይችላል።

እንግዲህ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፥ በሽተኛው ይመዘን፤ የቆየ ሕመሙንም አይደብቅ። ሁለተኛ፥ ይህ መርፌ ኦክሲጂንና የነፍስ ማዳኛ መድኃኒት በተዘጋጀበት ስፍራ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ ይወጋ። ሦስተኛ፥ የደነዘዘ ክንድ እሳት ቢያቃጥለው አይሰማውምና፥ ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ በጨርቅ ታንጠልጥሎ ከምድጃ ይራቅ።