ከሐኪሙ ጎን ማን ይቀመጥ?

ቡፕረኖርፊን እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ እንደ ሄሮይን ላሉ ኦፒዮይዶች ሱስ ማከሚያነት ሲፈቀድ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሱስ የያዘው ሰው ሜታዶን የተባለውን መድኃኒት ለመውሰድ በየቀኑ ሩቅ ክሊኒክ መመላለሱ ቀርቶ፣ ሥራውንም ልጆቹንም ሳይተው እሰፈሩ ባለ ሐኪም መታከም ይችላል ተባለ። ለሐኪሙ የስምንት ሰዓት ሥልጠናና ልዩ ፈቃድ ተደነገገ፤ የሚያክማቸው ሰዎችም ቁጥር በ30፣ ኋላም በ100 ተገደበ።

ፈቃዱን ካወጡት ብዙዎቹ ከጥቂት ሰዎች በላይ አልተቀበሉም፤ አንድም ሰው ያላከሙ ነበሩ። እኔ አልፈርድባቸውም። የሱስ ሕክምና ማዘዣ በመጻፍ አያበቃም። የሽንት ምርመራ አለው፤ ከኢንሹራንስ ጋር በስልክ መከራከር አለው፤ ከቀጠሮ የቀረውን ማፈላለግ፣ ሱሱ ያገረሸበት ሰው አርብ አመሻሽ ላይ ሲመጣ ተቀብሎ ማነጋገር አለው። ቀኑን ሙሉ ታካሚ ተሰልፎ የሚጠብቀው የገጠር ሐኪም ይህን ሁሉ ብቻውን አይችለውም።

ቬርሞንት ይህ የገባት ግዛት ናት። ሕዝቧ ከ650 ሺህ አይበልጥም፤ ሄሮይን ግን አላስቀመጣትም። የያኔው አገረ ገዢዋ ፒተር ሹምሊን በጥር 2014 ዓመታዊ ንግግራቸውን ለዚሁ ጉዳይ አዋሉት። ግዛቲቱ ቀደም ብላ ከ2013 ጀምሮ ሕክምናውን በሁለት እርከን አዋቅራው ነበር፦ የጠናበት ሰው ሜታዶን በሚሰጥ ማዕከል ይታከማል፤ ሲረጋጋ ወደ አካባቢው ሐኪም ይዛወራል፤ ካገረሸበት ወደ ማዕከሉ ይመለሳል።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቅጥሩ ነገር ነው። ቡፕረኖርፊን ለሚወስዱ 100 የሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ታካሚዎች አንድ ነርስና አንድ የሱስ አማካሪ ተመደበ። ሁለቱም እዚያው ሐኪሙ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራሉ፤ ደመወዛቸው ከሜዲኬድ ይመጣል፤ ታካሚው በመጣ ቁጥር ሒሳብ አይቆረጥበትም። ስለዚህ ነርሷ የጠፋ ታካሚ ስትፈልግ ብትውል ለክሊኒኩ ኪሳራ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ወጪ 90 በመቶ የፌደራል መንግሥት ሸፈነ። በግዛቲቱ ከተማ በበርሊንግተን አካባቢ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይጠብቁበት የነበረው ወረፋ በ2017 ተቃለለ።

ሞቱ ግን አልቆመም። ከሄሮይን የበረታው ፈንታኒል ገብቶ በ2022 ከ200 በላይ የቬርሞንት ነዋሪዎች በኦፒዮይድ ሞተዋል። ያለ እነዚህ ነርሶችና አማካሪዎች ቁጥሩ የት ይደርስ እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

በታኅሣሥ 2022 ኮንግረስ ልዩ ፈቃዱን አነሳው። ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ሆኖም ፈቃዱ ስለቀረ ብቻ ነርስ አይቀጠርም። አማካሪዎቹ በአነስተኛ ደመወዝ ከባድ ሥራ ተሸክመው ብዙዎቹ ይለቃሉ፤ አማካሪ ሲለቅ ሐኪሙም አዲስ ታካሚ ለመቀበል ያመነታል። ስለ ሱስ የሚመክር ማንኛውም የግዛት ምክር ቤት ከሠለጠኑት ሐኪሞች ብዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ለመቶ ታካሚ የስንት ሰው ደመወዝ በጀት ውስጥ እንዳስገባ ነው።