ሳይንስን ለማድረስ መማር፦ ከባሌ ደጋ ሲታይ

የባሌ ስንዴ አምራች ዋግ የተባለውን የሰብሉን በሽታ በስሙ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተዛምቶ በሰፊው ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ ዝርያ ሲያጠቃ፣ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ደግሞ የግንድ ዋግ መጣ። ለዚህኛው ዲገሉ መከላከያ አልነበረውም፤ በባሌና በአርሲ ምርቱ ከሞላ ጎደል የጠፋበት ማሳ ነበር። የዋግ ሻጋታ እየተለወጠ የትናንቱን መከላከያ እንደሚያልፍ ተመራማሪ ሁሉ ያውቃል። ይህ እውቀት ግን ከዘሩ ጋር አብሮ ገበሬው ቤት መግባት አለበት።

ይህን የማድረስ ሥራ እንደ ሙያ የሚያስተምር የድኅረ ምረቃ ትምህርት አለ፤ የሳይንስ ኮሙኒኬሽን ይባላል። በአብዛኛው የሚቀበለው በባዮሎጂ፣ በፊዚክስ፣ በግብርና ወይም በጤና የተመረቁትን ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ሲጀምረው፣ ተማሪዎቹ የሳይንስ መሣሪያ በከባድ መኪና ጭነው ከከተማ ራቅ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ይዞሩ ነበር። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ በ1991 ማስተርስ ከፈተ። ትምህርቱ ጽሑፍ፣ ሬዲዮ፣ ፊልምና ዐውደ ርዕይ አለው፤ የሳይንስ ታሪክና ፍልስፍናም አይቀርም።

ለእኔ ዋናው ትምህርት ግን ማዳመጥ ነው። ብዙ ሳይንቲስት ሰው ሳይንስን የማይቀበለው ስለማያውቅ ብቻ ይመስለዋል፤ መረጃ ከጨመሩለት የሚያምን ይመስለዋል። ባሌ ውስጥ ዲንሾ በምትባለው ከተማ አካባቢ ያለው ሁኔታ ይህን ያፈርሰዋል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። በ2003 የተነሳው የእብድ ውሻ በሽታ በዚያው ባሌ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በሽታው የሚመጣው ከመንደር ውሾች ነው። አርብቶ አደሩ ግን ውሻውን ከብቱን ከጅብ እንዲጠብቅለት ነው የሚያሳድገው። ስለዚህ ውሻህን አስከትብ የሚለው ሰው ንግግሩን ከቀበሮው ከጀመረ አይሰማም። ያው በሽታ ላሙንና ልጁንም እንደሚገድል ቀድሞ መነጋገር፣ የሱንም ጥያቄ መስማት አለበት። ከ1995 ጀምሮ እዚያ የሚሠራው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከክትባቱ ጋር የማኅበረሰብ ትምህርትንም ይዞ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም።

በአገራችን የዚህ ትምህርት ቅርብ ዘመዶች አሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በጤና ትምህርት፣ ሐረማያ በግብርና ኤክስቴንሽን፣ አዲስ አበባ በጋዜጠኝነት ማስተርስ ይሰጣሉ።

እኔ ግን የሳይንስ ኮሙኒኬሽን ትምህርቱ ራሱ ባሌ ሮቤ ቢከፈት እላለሁ። እዚያ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጎባ ላይ የራሱ ሪፈራል ሆስፒታል አለው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ጎረቤቱ ነው። በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ሩቅ አይደለም። ምርምሩ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሮቤ እስከ ብድሬ ገበሬውና አርብቶ አደሩ የሚነጋገረው በአፋን ኦሮሞ። የዋግ ትንበያን ብቻ እንውሰድ፦ ነፋሱ የበሽታውን ዘር ወደ ሲናና ሊያመጣው ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ፣ መድኃኒት ለመግዛት ገንዘብ ቆጥሮ ለሚያወጣ ሰው እንዴት ይነገራል? እርግጠኛ ያልሆነውን እርግጠኛ ሳያስመስሉ፣ ሰውየውንም ግራ ሳያጋቡ መንገር ልምምድ ይፈልጋል። የመመረቂያው ሥራ እንዲህ ያለ የሬዲዮ ዝግጅት ይሁን፤ ከፈታኞቹም አንዱ ስንዴ አምራች ይሁን።