የጻፍነውን አብረን እናንብብ

ፊደል ቆጥረናል። ስማችንን እንጽፋለን። ደብዳቤም እናነባለን። ታዲያ ደብተራችን ከተዘጋ ስንት ጊዜ ሆነው?

የታረሰ መሬት ካልተዘራበት ዳዋ ይወርሰዋል። ፊደልም እንዲሁ ነው። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአገራችን ተጀመረ። እናቶችና አባቶች ከሥራ መልስ ተማሩ። ዘመቻው በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ነገር ግን ከተማሩት ውስጥ ብዙዎቹ የሚያነቡትና የሚጽፉት አጥተው ፊደሉን መልሰው ረሱት።

ይህ እንዳይደርስብን የጽሑፍ ማኅበር እናቋቁም። ዕድርና ዕቁብ እናውቃለን። በዕቁብ ገንዘብ ይጣላል። በጽሑፍ ማኅበር የሚጣለው ጽሑፍ ነው።

በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር አለ። የተቋቋመው በ1952 ዓ.ም. ነው። የእኛ ግን ትንሽ ይሁን። ስድስት ወይም ስምንት ሰው ይበቃል። ሰው ከበዛ ተራ አይደርስም።

እንዴት እንጀምር?

1. ቀን እንቁረጥ። በየ15 ቀኑ ብንገናኝ ጥሩ ነው። ሰዓቱ ለእናቶችም የሚመች ይሁን። በአጨዳ ጊዜ ቢራራቅም አይቋረጥ።

2. ሰብሳቢና ጸሐፊ እንምረጥ። ሰብሳቢው ተራ ያስጠብቃል። ጸሐፊው የተነበበውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይገለብጣል።

3. ሁሉም ግማሽ ገጽ ጽፎ ይምጣ። ባዶ እጅ መምጣት የለም።

4. የጻፈው ሰው ራሱ ጮክ ብሎ ያንብብ። ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጥ።

ስለ ምን እንጻፍ?

ስለምናውቀው ነገር ነዋ! ገብሱን ውርጭ ሲመታው ምን አደረግን? አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። አያቶቻችን ስለዚያ ዘመን ምን ነገሩን? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሽማግሌ ሲሞት ያልተጻፈው ታሪክ አብሮት ይቀበራል።

«እኔ ገበሬ ነኝ፤ ምን እጽፋለሁ?» አንበል። ብዙ መጻሕፍት የጻፉት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የተወለዱት በገጠር፣ በመርሐ ቤቴ ነው።

እንዴት እንተራረም?

ማኅበር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። አንዱ የሰማውን ሁሉ «ግሩም ነው!» ይላል። ይህ ለጻፈው ሰው አይጠቅመውም። ሌላው ደግሞ ይስቃል። ይህ የባሰ ነው። የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይጽፍም።

የቅኔ ቤትን ልማድ እንይ። ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል። ተማሪው አያፍርም፤ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። የመንዝ ባናስ ቢሆን? ሱፍ እንደተሸለተ ባና አይሆንም። ታጥቦ፣ ተባዝቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ነው። መጀመሪያ የጻፍነውም ገና ያልታጠበ ሱፍ ነው።

ስለዚህ አዳማጩ ሦስት ነገር ይናገር፦ የገባውን፣ ያልገባውንና ቢጨመር የሚወደውን።

አንዱ እንዲህ ጽፎ መጣ እንበል፦ «በጋችን ጠፋች፤ በኋላ ተገኘች።» አዳማጮቹ «የት ጠፋች? ማን አገኛት?» ብለው ይጠይቁታል። እሱም ቤቱ ሄዶ እንዲህ ያስተካክለዋል፦ «በጋችን በጉም ውስጥ ጠፋች። ልጄ ጩኸቷን ሰምቶ ከገደሉ ሥር አገኛት።» አያችሁ? ማንም አልሰደበው፣ ማንም በከንቱ አላመሰገነው። ጽሑፉ ግን ነፍስ ዘራ።

እንዲህ የለመደ እጅ ነገ ማመልከቻ ለማስጻፍ ሰው ደጅ አይጠናም።

እንወያይ፦

ሀ. በሰፈራችን ማን ማን ማኅበሩን ይጀምር?

ለ. የመጀመሪያው ቀን መቼ ይሁን?

ሐ. ሳይጻፍ እንዳይቀር የምንሰጋው የማን ታሪክ ነው?