ቆዳን በአልትራሳውንድ

አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነፍሰ ጡርን ነው። ይኸው መሣሪያ ግን ቆዳም ያያል፤ ለጎንደር ደግሞ ከብዙ ቦታ ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ምክንያቱ የቆዳችን ቀለም ነው። ችፌና ሶሪያሲስን የመሳሰሉ የቆዳ ብግነቶች ምን ያህል እንደጠኑ የሚለካው በአብዛኛው በዓይን ነው፤ ሐኪሙ ቅላቱን፣ ውፍረቱንና ቅርፊቱን እያየ ነጥብ ይሰጣል። መለኪያዎቹ በዋናነት የተቀመሩት በነጮች ቆዳ ላይ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ግራጫ ስለሚያደላ ሕመሙ ከልኩ በታች ይገመታል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ብግነቱ ከጠፋ በኋላ ጥቁረቱ ለወራት ይቆያልና የዳነው ሰው እንዳልዳነ ተቆጥሮ ቅባት ሲቀባ ይከርማል።

የድምፅ ሞገድ ለቀለም ግድ የለውም። ለፅንስ የሚውለው ፕሮብ (ሞገዱን የሚልከውና የሚቀበለው የመሣሪያው እጀታ) ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው፤ ለቆዳ ግን 15 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ጥልቀቱ ያጥራል፣ በምትኩ ረቂቁ ይታያል። ጄሉ በርከት ብሎ ይቀባል፤ ፕሮቡም ቆዳውን ሳይጫን ጄሉ ላይ ብቻ ማረፍ አለበት፤ ከተጫኑት ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይጨፈለቁና የደም ፍሰትን የሚያሳየው ዶፕለር ፍሰት የለም ይላል። ብግነት ባለበት ቦታ ከላይኛው ሽፋን ሥር ምስሉ ላይ ጠቆር ያለ ሰቅ ይወጣል። መድኃኒቱ ሲሠራ ሰቁ ይሳሳል፣ የደም ፍሰቱም ይቀንሳል።

ሰቁ ፀሐይ በጎዳው ቆዳም ላይ ይታያል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው፤ ዳባትና ደባርቅ ላይ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ እርሻ ላይ ለሚውል ገበሬ ፊትና ክንድ ቀላል ነገር አይደለም። የታመመውን ከአጠገቡ ካለው ጤነኛ ቆዳ ጋር ማስተያየት ግድ ይላል። ከዚህ የሚብሰው ቆዳን የሚያቆስለው የቁንጭር ጉዳይ ነው። በደጋው ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ ወደ ሰው የሚተላለፈውን ይህን በሽታ አልትራሳውንድ ከሌላ ብግነት አይለይም፤ ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ስለዚህ መሣሪያውን የምደግፈው በሽታው ታውቆ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ፣ በርዷል ወይስ አልበረደም ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው።

ዋጋውስ? የቆዳ ፕሮብ ውድ ነው፤ ለእንቅርትና ለጡት ምርመራ የሚውለው ፕሮብ ግን የላይኛውን ሽፋን አጥርቶ ባያሳይም የቆዳውን ውፍረትና የደሙን ፍሰት ያሳያል። ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጃናሞራ የሚመጣ ታካሚ በቀጠሮው ሌላ ሐኪም ቢጠብቀው እንኳ፣ ካርዱ ላይ የውፍረቱ ሚሊሜትር ተጽፎ ይገኛል። የተለካው ቦታ፣ የፕሮቡ ዓይነትና ቅንብሩ አብረው ካልሰፈሩ ግን ያ ቁጥር ለተረካቢው ሐኪም ምንም አይነግረውም።