ዝናቡ ሳይቀድም፦ የጡብ ምድጃ በአሽዶድ ጓሮ

አሽዶድ ላይ በጓሮው የጡብ ምድጃ ሊሠራ ያሰበ ሰው ጡብ ከመግዛቱ በፊት የቀን መቁጠሪያ ቢያይ ይሻለዋል። በከተማዋ በዓመት ወደ 500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ይጥላል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚወርደው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ነው። በጋው ግን ጠብ አይልበትም። የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) የስግድ በዓል ደግሞ ሔሽቫን 29፣ ከዮም ኪፑር ወዲህ በ50ኛው ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኖቬምበር ውስጥ ይውላል። ከኢየሩሳሌሙ ጸሎት በኋላ ጾሙ የሚፈታው በዳቦ ነው። ምድጃዬ ለስግድ ይድረስልኝ የሚል ሰው እንግዲህ ዝናቡም በዓሉም አንድ ላይ ነው የሚመጡበት።

ጡቡን መደርደር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ጊዜ የሚበላው ማድረቁ ነው። የመሠረቱ ኮንክሪት ክብደት ከመጫኑ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይፈልጋል። ጣራው ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት በአየር ይደርቃል፤ ከዚያ ደግሞ ሳምንት ያህል ትንንሽ እሳት ይነድበታል። በመሃል ከሮሽ ሃሻና እስከ ሲምሐት ቶራ ያሉት በዓላት ሦስት ሳምንት ይወስዳሉ። ይህን ሁሉ ደምሮ ከስግድ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ራሱን በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር ያገኘዋል፤ ያኔ ደግሞ በአሽዶድ ሙቀት ሲሚንቶ ማቡካት የሚያምረው የለም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱ ድፎ ዳቦ ነው። በጎንደር ገጠር ሊጡ በኮባ ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይሰፋል፣ ይከደናል፣ ክዳኑ ላይ ፍም ይደረደራል። ከላይ እሳት፣ ከታች እሳት። የኮንደሚኒየም የኤሌክትሪክ ምድጃ ይህን በከፊል ይመስላል እንጂ አይተካውም፤ ትልቅ ድፎ ሲገባበት ዳር ዳሩ ይደርቅና መሃሉ ሊጥ ይሆናል። የጡብ ምድጃ ግን ልክ እንደ ድፎ አጋገር ነው የሚሠራው፤ ወለሉ ከታች ይጋግራል፣ የጋለው ጉልላት ከላይ ሙቀቱን ይለቃል። ኮባ በእስራኤል እንደ ልብ አይገኝም፤ የሙዝ ቅጠል ግን በባሕር ዳርቻው እርሻ ሞልቷል፤ ሥራውንም ይሠራል።

ለጭቃና ለእሳት ቤተ እስራኤል እንግዳ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን የነገሠው ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይኖረው ማወጁ ይነገራል፤ መሬት የተነጠቀው ሕዝብ ወደ ሸክላና ወደ ብረት ሥራ ዞረ። ወንዱ ቀጥቃጭ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ ሆነች። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ በሸክላዋ የታወቀችው ለዚህ ነው። ያው ሥራ ግን ጎረቤት ዘንድ «ቡዳ» አሰኛቸው፤ በቀን የሠሩትን ድስትና ምጣድ ገዝቶ የሚሄድ ሰው በማታ ይፈራቸው ነበር። ከዚያ መንደር የመጣች አንዲት እናት የዛሬ ልጆች ከቪዲዮ የሚማሩትን ግማሹን በእጇ ታውቀዋለች፤ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ ጭድ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ሲያገኝ ምን እንደሚሆን። ምድጃ ሊሠራ የተነሣ ልጅ መጀመሪያ እሷን ቢጠይቅ ከገንዘቡም ከጊዜውም ያተርፋል።

አፈሩ ላይ ግን እሷም እንደ አዲስ መማር አለባት፤ አሽዶድ የቆመችው አሸዋ ላይ ነው። የሸክላ መልክ ያለው ሐምራ የሚባለው ቀይ አፈር ከአሸዋው ወደ ምሥራቅ፣ የብርቱካን እርሻ በነበረበት በኩል ይገኛል። መሞከሪያው ቀላል ነው። አፈሩን አርጥቦ በመዳፍ መሃል እንደ ጣት ማድበልበል፣ ከዚያ ጣት ላይ መጠምጠም። ሳይበጠስ ከዞረ ሸክላ አለው። ከተፍረከረከ አሸዋው በዝቷል፤ ከሱቅ የሸክላ ዱቄት ይጨመርበት። ከባሕሩ ዳር አሸዋ መዛቅ ደግሞ አይታሰብም። አንደኛ በሕግ ክልክል ነው፤ ሁለተኛ ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ ግንቡን እያላቀቀ ነጭ ዱቄት ያስተፋዋል። በአካባቢው የሚገኘው ኩርካር የሚባለው ድንጋይም ሆነ የኢየሩሳሌም ድንጋይ እሳት በሚነካው ቦታ አይገባም፤ ሁለቱም የኖራ ዘር ናቸውና በብርቱ ሙቀት ይፈርሳሉ።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1956 ነው፤ ወደቡ ሥራ የጀመረው በ1965 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የእሳትና የሸክላ ታሪኳ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። ከ1962 እስከ 1972 በሞሼ ዶታን መሪነት በተቆፈረው በጥንቱ የአሽዶድ ጉብታ ላይ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ከነእቶኖቹ ተገኝቷል፤ ከ2,500 ዓመት በላይ የሆነው። በታልሙድ፣ ባቫ መፂያ በተባለው ክፍል፣ ረቢዎች የተከራከሩበት የአኽናይ ምድጃም ቀለበት ቀለበት ሆኖ ተቆርጦ በመሃሉ አሸዋ የተሞላ ነበር። የእነሱ ክርክር ይህ ምድጃ ይረክሳል አይረክስም የሚል ነው። ግንበኛ ግን ሌላ ነገር ያይበታል፤ ሙቀት ሲያገኝ የሚለጠጥ ምድጃ መላወሻ ቦታ ይፈልጋል።

ቦታ መምረጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አሽዶድ የፎቅ ከተማ ናት፤ ጓሮ ያለው ምድር ቤት የሚኖረው ወይም በአካባቢው ሞሻቭ (የገበሬዎች መንደር) ያለ ዘመድ ነው። «ሚርፔሴት (በረንዳ) ላይ ብሠራውስ?» የሚል አይጠፋም። አይሆንም። የውስጥ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ምድጃ ወደ 120 የእሳት ጡብ ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ስለሚመዝን ጡቡ ብቻ ከ400 ኪሎ ያልፋል፣ ከነመቆሚያው ቶን ይደርሳል ወይም ያልፋል። ጓሮው የጋራ ከሆነ ቫዓድ ባይት (የሕንፃው ኮሚቴ) ሳይስማማ አንድ ጡብ አይቀመጥ። ጭስ ጎረቤትን ሲያስቸግር ክስ እንደሚያስከትል ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ሕግ አለ። አፉን በተመለከተ፣ የክረምቱ ዝናብና ማዕበል የሚመጣው ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል ስለሆነ የምድጃው አፍ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዙር። ወደ ባሕር ካፈጠጠ ጭሱ በጋጋሪዋ ፊት፣ ዝናቡ በወለሉ ላይ ይሆናል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መቆሚያው ተራ ብሎኬት ይበቃዋል። ከላዩ ኮንክሪት ይፈሳል። ከኮንክሪቱና ከእሳት ጡቡ ወለል መሃል ደግሞ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ ሙቀት ከልካይ። አበባ መሸጫ ሁሉ የሚገኘው ነጩ ፐርላይት አምስት ስድስት እጅ ከአንድ እጅ ሲሚንቶ ጋር ተለውሶ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል። ይህ ከሌለ ሙቀቱን መሠረቱ ይጠጣዋል፤ ጣራው እየጋለ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ዳቦው ከላይ ያርራል ከታች ይገረጣል። ለወለሉ ሲቆጥቡ ማገዶ ሲገዙ መኖር ነው።

ጉልላቱን ያለ ግንበኛ ለማቆም ቀላሉ መንገድ የአሸዋ ቅርጽ ነው። ወለሉ ላይ እርጥብ አሸዋ እንደ ጎጆ ጣራ ይከመራል፣ በእርጥብ ጋዜጣ ይሸፈናል፣ ግማሽ ግማሽ የተደረጉ ጡቦች በዙሪያው ይደረደራሉ፤ ጭቃው ሲጠነክር አሸዋው በአፉ ተዝቆ ይወጣል። ጋዜጣው ሲታይ አሸዋው ማለቁን ያውቃሉ። መለካት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። የአፉ ቁመት ከጣራው ውስጣዊ ቁመት 63 በመቶ አካባቢ ይሁን፤ ጣራው 42 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አፉ 26 ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ቢያጥር እሳቱ አየር ያጥረዋል፣ ቢረዝም ሙቀቱ ይሸሻል። ጭስ ማውጫው የሚቆመው ከአፉ በላይ፣ ከፊት ለፊት ነው እንጂ በጉልላቱ አናት ላይ አይደለም። አናቱ ላይ ያበሳው ሰው ማገዶውን ሰማይ እያሞቀበት ነው።

ማጣበቂያው ያከራክራል። ተራ ሲሚንቶ ብቻውን ከ400 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሠሪዎች የተስማሙበት ልውስ ሦስት እጅ ጥሩ አሸዋ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራ፣ አንድ እጅ የእሳት ሸክላ ዱቄት ነው። ሲሚንቶው ሥራው በሚሠራበት ጊዜ ጡቡን ይይዛል፤ እሳቱ ሲያደክመው ኖራውና ሸክላው ይረከባሉ። መጋጠሚያው በተቻለ መጠን ቀጭን ይሁን። ጉልላቱ ሲደርቅ ከላዩ ሙቀት ከልካይ ብርድ ልብስ ወይም ሌላ የፐርላይት ልባስ ይደረግና በኖራ ይመረጋል።

ከዚያ ማሟሸት ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ እንደማይጣልበት ሁሉ አዲስ ምድጃም ሳይሟሽ ዳቦ አይገባበትም። ጡቡና ጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል፤ ድንገት ትልቅ እሳት የነደደበት እርጥብ ጉልላት መውጫ ያጣው እንፋሎት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከ100 እስከ 150 ዲግሪ የማያልፍ የጭራሮ እሳት ለጥቂት ሰዓት፣ በማግስቱ ጥቂት ከፍ፣ እንዲሁ እያሉ ሳምንቱን መጨረስ ነው። በልባሱ ላይ እርጥብ ወዝ ሲታይና ከአናቱ እንፋሎት ሲወጣ መደንገጥ አያስፈልግም፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። የፀጉር ያህል ስንጥቅ ችግር የለውም። ሳንቲም የሚያስገባ ከሆነ በዚያው ልውስ ይደፈን።

ማገዶ ላይ የወደብ ከተማ ፈተና አለ፤ ፓሌት (ዕቃ የሚጫንበት የእንጨት ርብራብ)። ወደቡ ዙሪያ የተጣለ ፓሌት አይጠፋም፣ ነፃ ነው፣ ደረቅ ነው። ከመሰንጠቁ በፊት ግን ማኅተሙ ይነበብ። «ኤች ቲ» የሚል ከሆነ እንጨቱ ተባዩ የሞተው በሙቀት ብቻ ነው። «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዝ ታጥኗል፤ ዳቦ በሚጋገርበት እሳት አይነድም። ቀለም የተቀባ፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት እንጨትም ማኅተሙ ምንም ቢል አይገባም። እንጨት ካስፈለገ ከአሮጌ የብርቱካን ተክል የተቆረጠው ጠንካራና ጥሩ ፍም ያለው ነው። ባሕር ዛፍም አለ፤ በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ሆኖ የደረሰው ዛፍ በዚያው ዘመን በዛሬዋ እስራኤል ሐዴራ ላይ ረግረግ ለማድረቅ ተተክሏል። በደንብ ይድረቅ እንጂ ሁለቱም አገር ያውቀዋል።

እሳቱ ሲነድ ጣራው መጀመሪያ በጥላሸት ይጠቁራል። ሙቀቱ ሲያይል ጥላሸቱ ራሱ ይቃጠልና ጡቡ ይነጣል፤ ያን ጊዜ ፍሙ ተጠርጎ ይወጣል፣ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ አፉ ተዘግቶ ሙቀቱ እንዲስተካከል ይጠበቃል። መሞከሪያው አንድ ቁንጥር ዱቄት ነው። ወለሉ ላይ ሲበተን ወዲያው ከጠቆረ ገና ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደ ቡናማ ካደላ ድፎው ይግባ።

ዓርብ ከሰዓት ዳቦው ሲወጣ ምድጃው ገና ለብዙ ሰዓት ትኩስ ነው። በኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ሰንበት ሳይገባ እሳቱን አጥፍተው ምግባቸውን ቀዝቃዛ ይበሉ ነበር። በሚሽና ደግሞ ፍሙ ተጠርጎ ወይም በአመድ ተሸፍኖ ምግብ በምድጃ ስለማቆየት ተጽፏል፤ የአውሮፓ አይሁድም የሰንበት ወጣቸውን ዓርብ ወደ ዳቦ ቤት ልከው ቅዳሜ ይወስዱ ነበር። የትኛውን እንደሚከተል እያንዳንዱ ቤት ከቄሱ ወይም ከረቢው ጋር ይወስን። ምድጃው ለሁለቱም ያገለግላል።

ክረምት ከገባ በኋላ ጣራ ይሠራለት እንጂ በላስቲክ አይጠቅለል፤ ላስቲኩ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። የብረት በር ያለው ሰው የባሕሩ ጨው እንደሚበላው አስቦ ዘይት ይቀባው። ረጅም ዝናብ ካለፈ በኋላም መጀመሪያ ትንሽ እሳት፣ ቀጥሎ ትልቁ።

ይህን ስታነቡ ሱኮት አልፎ ከሆነ ግን ዘንድሮ አትጀምሩ። መሠረቱን ብቻ አፍስሱ፣ ጡቡን ከዝናብ ከልላችሁ አስቀምጡ፣ ጉልላቱን ከፔሳሕ በኋላ አቁሙት። የዘንድሮውን የስግድ ዳቦ በምታውቁት ምድጃ ጋግሩ።