በመጋዘን ተረስተው የቆዩ የጀርባ መርጫዎች እድሳትና አያያዝ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ከሳሪስ አቦ ተነሥቶ በቃሊቲና በአቃቂ በኩል ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የነበረው የእርሻ መሬት አብዛኛው በከተማው ተውጧል። ይሁን እንጂ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ዳር ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመንና ቀይ ሥር ማምረቱ፣ ከዚያም ወዲያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ መዝራቱ አልቀረም። በዚህ አካባቢ የሚሠራ ገበሬ ሁሉ የጀርባ መርጫ ሊኖረው አይችልም። ስለሆነም ብዙው ከማኅበሩ ወይም ከጎረቤቱ ተውሶ፣ አለዚያም በኪራይ ወስዶ ይሠራል።

ብዙ እጅ የሚያገላብጠው መሣሪያ ደግሞ ባለቤት እንደሌለው ይቆጠራል። የተዋሰው ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሳያጥብ ይመልሰዋል፤ የተረከበውም ሳይፈትሽ ከመጋዘኑ ጥግ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲፈለግ እጀታው አልነቃነቅ ብሎ፣ ኖዝሉ ተደፍኖ፣ ቱቦው ተሰነጣጥቆ ይገኛል። ማኅበሩም «ሞቷል» ብሎ ሌላ መርጫ ለመግዛት ገንዘብ ያወጣል። እኛ እንደምናየው ግን ሞቱ ከተባሉት መርጫዎች ውስጥ ጋናቸው ያልተሰነጠቀና ሲሊንደራቸው ያልተፋቀ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ሥራና በርካሽ መለዋወጫ ወደ አገልግሎት ሊመለሱ ይችላሉ። ይህ ጽሑፍ ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚከናወንና ምክንያቱን ያስረዳል።

1. መርጫን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

መርጫን በዋነኛነት የሚጎዳው ሥራ አይደለም፤ ሳይታጠብ መቀመጡ ነው። ከርጭት በኋላ በጋኑ፣ በቱቦውና በኖዝሉ ውስጥ የቀረው ድብልቅ ውሃው ሲተን ይጠጥራል። በተለይ በውሃ የሚበጠበጡ የዱቄት መድኃኒቶች እንደ ሲሚንቶ ጠንክረው ቫልቩን ይይዙታል፤ የኖዝሉንም ቀዳዳ ይደፍኑታል። ቆዳ ወይም ጎሚኒ የሆነው የፒስቶን ማጥበቂያ ደርቆ ይኮማተራል። በዚህ ጊዜ እጀታው ቢመታም ፒስቶኑ አየር ያሳልፋል እንጂ ግፊት አይፈጥርም። መርጫው ፀሐይ ላይ ከቆየ ቱቦውና የፕላስቲክ ጋኑ ይሰነጠቃሉ።

መርጫው ሲያፈስ ጉዳቱ የሚደርሰው በሠራተኛው ላይ ነው። የላላ ክዳን ወይም የተበላ ጎሚኒ መድኃኒቱን በጀርባና በወገብ ላይ ያንጠባጥባል፤ እርጥብ ልብስም መርዙን ከቆዳ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ስለዚህ የሚያፈስ መርጫ «ለጊዜው ይሠራል» ተብሎ ሊታዘል አይገባውም።

2. ዓይን የማያየው አደጋ፤ የአረም ማጥፊያ ቅሪት

በነሐሴና በመስከረም በጤፍና በስንዴ ላይ ለቅጠለ ሰፊ አረም የሚረጨው መድኃኒት በአብዛኛው ቱ-ፎር-ዲ ነው። ይህ መድኃኒት የሣር ወገን የሆኑትን ሰብሎች በተገቢው ጊዜና መጠን ሲረጭ አይጎዳቸውም፤ ቅጠለ ሰፊ የሆነውን ተክል ግን አረም ይሁን ሰብል ሳይለይ ያጠፋል። ቲማቲም፣ ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ ሽምብራና ጓያ ሁሉ ቅጠለ ሰፊ ናቸው። በመስከረም ጤፍ የረጨው መርጫ በጥቅምት ወደ አትክልት ማሳ ሲወርድ አደጋው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በቁጥር እንመልከተው። በመርጫው ጋን ሥርና በቱቦው ውስጥ ግማሽ ሊትር የአረም ማጥፊያ ድብልቅ ቀርቷል እንበል። ገበሬው ሳያጥብ በላዩ 15 ሊትር የክሽክሽ መድኃኒት ድብልቅ ቢጨምርበት፣ አትክልቱ ለአረሙ ከተሰጠው ጥንካሬ 31ኛ እጁን ያገኛል ማለት ነው። ይህ መጠን ጥቂት ቢመስልም ቲማቲምን ለመጉዳት በቂ ነው። ግንዱ ይጠማዘዛል፤ የቅጠሉ ዘንግ ወደ ታች ይቆለመማል፤ አዲስ የሚወጣው ቅጠልም ጠቦና ተጨማድዶ ይታያል። ገበሬው ግን በሽታ የገባ መስሎት ሌላ መድኃኒት ይገዛል። የልማት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ምልክት ሲያይ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ መርጫ ከዚህ በፊት ምን ረጭቶበታል?» ብሎ ነው።

አጥቦ ማስቀመጥም በዘዴ ካልሆነ አይበቃም። ግማሽ ሊትር ቅሪት ባለበት መርጫ 15 ሊትር ውሃ በአንድ ጊዜ ጨምሮ ቢያወጡት የሚቀረው ግማሽ ሊትር የቀድሞው ጥንካሬ 31ኛ እጅ አለው። ያንኑ 15 ሊትር ውሃ ለሦስት ከፍሎ በየጊዜው 5 ሊትር እየጨመሩ ቢያጥቡት ግን ቅሪቱ በመጀመሪያው እጥበት 11ኛ እጅ፣ በሁለተኛው 121ኛ እጅ፣ በሦስተኛው 1,331ኛ እጅ ይሆናል። ውሃው ያው ነው፤ ልዩነቱ አከፋፈሉ ነው። «ሦስት ጊዜ እጠቡ» የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ሀ/ ተረስቶ የቆየ መርጫ ሁሉ መርዝ እንዳለበት ይቆጠር። የሚሠራው ሰው የጎማ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ። በሥራው ላይ ሳለ አይብላ፣ አይጠጣ፣ አያጭስ።

ለ/ በጋኑ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ቢገኝ በማሽተት ለመለየት መሞከር አይገባም። በሚዘጋ ዕቃ ተገልብጦ፣ «መርዝ» ተብሎ ተጽፎበት፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ይነገር።

ሐ/ የእጥበቱ ቦታ ከወንዝ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከከብት ማጠጫ የራቀ ይሁን። የአቃቂ ወንዞች ውሃ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ውሃም አዲስ አበባ ትጠጣለች። ምን እንደተረጨበት የታወቀ መርጫ የእጥበት ውሃ ያው መድኃኒት በተፈቀደለት ሰብል ማሳ ላይ ተበትኖ ይረጭ እንጂ በቦይ አይለቀቅ።

4. አፈታት፣ እጥበትና ገጠማ

ለሥራው የሚያስፈልጉት ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቁልፍ፣ የቆየ የጥርስ ብሩሽ፣ ባልዲና የዱቄት ሳሙና ናቸው። ከቤት የመጣ ባልዲ ወደ ቤት መመለስ የለበትም።

ሀ/ በመጀመሪያ ጋኑን ከላይ በተገለጸው ዘዴ ሦስት ጊዜ ማጠብ። ፓምፑ የማይሠራ ከሆነ ቱቦውን ከፋሸታው አላቅቆ ለብቻው ውሃ ማሳለፍ።

ለ/ ክዳኑን፣ ወንፊቱን፣ እጀታውን፣ ፒስቶኑን፣ ቫልቮቹንና መክፈቻውን በተራ መፍታት። የተፈቱትን ክፍሎች በተፈቱበት ቅደም ተከተል በንጹሕ ሸራ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ መደርደር። ሲገጠም ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳል፤ ሮንዴላም ሆነ ሞላ አይረሳም።

ሐ/ የጠጠረውን ቅሪት በሞቀ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፎ በብሩሽ ማስለቀቅ። በቢላዋ መፋቅ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል፤ የተቧጠጠ ሲሊንደር ደግሞ አዲስ ጎሚኒ ቢገባበትም ግፊት አይይዝም። ቤንዚንና ናፍጣም ጎሚኒውን አሳብጠው ስለሚያበላሹት አይነኩ።

መ/ የቆዳ ማጥበቂያ ደርቆ ከሆነ ወዲያው አይጣል። በዘይት ተዘፍዝፎ ቢያድር ብዙ ጊዜ ለስልሶ ይመለሳል። የተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ የተበላ ጎሚኒ ግን ይለወጥ። በገጠማ ጊዜ ጎሚኒውን በሲሊኮን ግራሶ፣ ከጠፋም በጥቂት የምግብ ዘይት ጠብታ ማለስለስ ይበቃል።

ሠ/ ዝገት የበላው ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላና ፋሸታ ከሳሪስ እስከ ቃሊቲ ባለው መንገድ ዳር ካሉት የብረታ ብረት ዕቃ ሱቆች ተፈልጎ ይተካ። ፒስቶን፣ ቫልቭና ኖዝል ግን ከመርጫው ሥሪት ጋር የሚስማማ ይሁን። ማኅበሩ አንድ ዓይነት ሥሪት ያላቸው አምስት የተበላሹ መርጫዎች ካሉት፣ ከሁለቱ ደኅና ደኅናውን አውጥቶ ሦስቱን ማዳን ይቻላል። የተፈታው አካልም ለወደፊት መለዋወጫ ተለይቶ ይቀመጥ።

ረ/ ኖዝሉን በአፍ መንፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሽቦ ወይም በመርፌ መጎርጎርም ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ይጽዳ።

ሰ/ መርጫው ከተገጠመ በኋላ አረም ማጥፊያ ነክቶት ከሆነ 150 ሚሊ ሊትር የቤት አሞኒያ ከ15 ሊትር ውሃ ጋር ቀላቅሎ መሙላት፤ ጥቂቱን በኖዝሉ አውጥቶ ቱቦው እንዲሞላ ማድረግና ማሳደር። በማግሥቱ ያንን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ ማለቅለቅ። ይህን የምናደርገው ቱ-ፎር-ዲ ወደ ቱቦውና ወደ ጎሚኒው ዘልቆ ስለሚገባ ውሃ ብቻውን ስለማያወጣው ነው። አሞኒያ ባይገኝ በዱቄት ሳሙና ውሃ ደጋግሞ ማሳደር ይረዳል። አሞኒያ ከበረኪና ጋር ከተቀላቀለ ግን ለሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ስለሚያወጣ ሁለቱ በአንድነት አይነካኩ።

5. መርጫው መዳኑን የማረጋገጫ ሦስት ፈተናዎች

የመጀመሪያው የመፍሰስ ፈተና ነው። በንጹሕ ውሃ ሞልቶ፣ ግፊት ሰጥቶ ክዳኑን፣ የቱቦውን መጋጠሚያዎችና መክፈቻውን ማየት፤ ቀጥሎም ጎንበስ ቀና እያሉ ማዘል። ጀርባ ደረቅ ካልሆነ ሥራው አላለቀም።

ሁለተኛው የኖዝል ፈተና ነው። እጀታውን በአንድ ወጥ አመታት እየመቱ ከኖዝሉ የሚወጣውን ውሃ ለአንድ ደቂቃ በመለኪያ ማቆር። በአዲስ ተመሳሳይ ኖዝልም እንዲሁ መለካት። አሮጌው ከአዲሱ ከ10 በመቶ በላይ ከጨመረ ይለወጥ። ለምሳሌ አዲሱ 600 ሚሊ ሊትር ከሰጠ፣ አሮጌው ከ660 ማለፍ የለበትም። የሰፋ ኖዝል ሳያውቁት መድኃኒት ያባክናል፤ በሰብሉም ላይ የቅሪት መጠን ይጨምራል።

ሦስተኛው የተክል ፈተና ሲሆን ወደ አትክልት ማሳ ለሚወርድ መርጫ ሁሉ አስፈላጊ ነው። በመርጫው ንጹሕ ውሃ ብቻ ሞልቶ ለጥቂት የቲማቲም ወይም የባቄላ ችግኞች መርጨት፤ ያልተረጩ ችግኞችንም ለማነጻጸሪያ ማስቀረት። በ5 ቀን ውስጥ መጠማዘዝ ከታየ ተራ ቁጥር ሰባት (ሰ) ላይ የተገለጸው እጥበት ይደገም።

6. የማኅበሩ ኃላፊነት

ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ለአረም ማጥፊያና ለአትክልት መድኃኒት መርጫዎችን መለየት ነው። አንድ ባልዲ ቀለም ለዚህ ይበቃል፤ ቀይ የተቀባው አረም ማጥፊያ ብቻ፣ አረንጓዴው የአትክልት ብቻ። ማንበብ የማይችል አባልም በዚህ አይሳሳትም።

ለእያንዳንዱ መርጫ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይያዝ፤ ማን ወሰደው፣ መቼ፣ ምን መድኃኒት፣ በየትኛው ሰብል ላይ ተረጨ፣ ታጥቦ ተመለሰ ወይ የሚሉት ይጻፉ። ኪራይ የሚያስከፍል ማኅበር መያዣውን የሚመልሰው መርጫው በንጹሕ ውሃ ሲረጭ አይቶ ይሁን። ኃላፊነቱም በኮሚቴ ስም ሳይሆን በአንድ በታወቀ አባል ላይ ይጣል። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ዓዋጅ ቁጥር 674 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መጠቀም ስለማይፈቀድ፣ መዝገቡ ማኅበሩ የሚጠቀምበትን መድኃኒት ለመከታተልም ይረዳዋል።

ለእድሳቱ ጊዜ መቁረጥም ይገባል። በሳሪስ አቦ አካባቢ ለሚገኙ አባላት የማይረሱት ሁለት ቀኖች አሉ፤ እነርሱም የጥቅምት 5 እና የመጋቢት 5 የአቦ ክብረ በዓላት ናቸው። የጤፍ አረም ርጭት ያልቃል፤ የመስኖ አትክልት ይጀምራል፤ በሁለቱ መካከል የጥቅምት አቦ ይውላል። መርጫዎቹ ከዚያ ቀን በፊት ተፈትተው፣ ታጥበውና ተፈትሸው ካለቁ አደጋው በምንጩ ይቆማል። የመጋቢቱ ደግሞ የመስኖው ወቅት ሳያልቅ ሁለተኛ ፍተሻ ለማድረግ ይመቻል።

ማጠቃለያ

መርጫ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ሦስት ጊዜ ከታጠበ፣ ተገልብጦ ከደረቀና በጥላ ከተሰቀለ የተነጋገርንበት እድሳት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው የአሥር ደቂቃ እጥበት የአንድ ወቅት ቲማቲምን ያድናል፤ የገበሬውንም ጀርባ ከመርዝ ይጠብቃል። የልማት ሠራተኞች በሚቀጥለው የማኅበር ስብሰባ ከመጋዘን አንድ የተረሳ መርጫ አውጥተው፣ ጓንት አጥልቀው በአባላት ፊት ፈትተው ቢያሳዩ ከብዙ ቃል የበለጠ ትምህርት ይሰጣል።