እርፍ የያዘው ሰውዬ

በልጅነቴ ጎጃም፣ ግንደወይን ላይ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር፤ ከፊት አግዳሚ ወንበር፣ ከኋላ የቆመ ሰው፣ መሐል ላይ ካራቴ። አማርኛ የሚናገር፣ በሬ የሚነዳ፣ ጭቃ የረገጠ ሰው እዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ አይቼ አላውቅም። ባለፈው ክረምት ላፕቶፔን ይዤ አጎቴ ቤት ስገባ "ምን ይዘህ መጣህ?" አለኝ። "የገበሬ ፊልም" አልኩት። "ገበሬ ለማየት ደግሞ ፊልም ምን ያደርጋል? በሩን ከፍተህ አታይም?"

ፊልሙ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" ነው። ኃይሌ ገሪማ የሠራው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዙፋኑ ሊወድቅ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ነው። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ "ጎንደሬ በጋሻው"ን የጻፉት አባ ገሪማ ታፈረ ናቸው። ያኔ ሎስ አንጀለስ፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊልም ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገሩ ገባ፣ የተዋናይነት ሥራ የማያውቁ ሰዎች ሰበሰበ፣ በሁለት ሳምንት ቀርጾ ተመለሰ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም የተነሣ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሄዳል።

ታሪኩ ረዥም አይደለም። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጮህባቸዋል። ልጃቸው ላም ላድን ብላ ጎርፍ ይወስዳታል። መሬቱን የተቀማ፣ አገሬው እብድ የሚለው ከበበ የሚባል ሰው አለ፤ መጨረሻ ላይ ባላባቱን በዱላ የሚለው እሱ ነው። የቀረው ጊዜ ነው። ካሜራው ከሩቅ ቆሞ ሰው ሲነቃ፣ በሬ ሲጠመድ፣ ዳገት ሲወጣ ያያል፤ አይቸኩልም። ከተማ ያደገ ጓደኛዬ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው አዛግቷል። አልፈርድበትም፤ እኔም መጀመሪያ ያየሁት ቀን ስልኬን ሁለት ጊዜ ነክቻለሁ።

አጎቴ ግን ከአምስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ዝም አለ። ከዚያ በጣቱ ስክሪኑን ነካ። "ይኸ ሰውዬ አርሶ ያውቃል።" እንዴት አወቅህ ስለው የራሱን እጅ ዘረጋልኝ። "እርፉን አልጨበጠውም፣ ተደግፎበታል። ያላረሰ ሰው ይጨብጠዋል፣ ማታ መዳፉ ይላጣል።" የፊልም ሐያሲዎች ስለ ኃይሌ ተዋንያን ብዙ ጽፈዋል፤ ከዚህ የተሻለ አላነበብኩም።

ባላባቱ ላይ ግን አልተስማማም። "እኛ ዘንድ ወንበር ይዞ ማሳ ዳር የሚቀመጥ የለም" አለ። ልክ ነው። የጎጃም ገበሬ በአብዛኛው ባለ ርስት ነበር፤ ጭሰኝነቱ የጠናው ደቡብ ነው። በ1960 ዓ.ም. ሞጣና ቢቸና በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሡት፣ መሬቱ ተለክቶ ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው ነው። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ደበደባቸው፤ በኋላ ግብሩን ማስከፈሉን ተወ፣ ጠቅላይ ገዢውንም አነሣ። ኃይሌ ካሜራውን ከማንሣቱ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። አጎቴ ያኔ ልጅ ነበር፤ አውሮፕላኑን ያስታውሳል። ፊልሙ ውስጥ ያለው አገር የእሱ ባይሆንም ቁጣው የእሱ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ፊልም እንዴት እስከ ዛሬ ቆየ? ፊልም ማለት ኬሚካል የተቀባ ስስ ሪባን ነው። በሰከንድ 24 ሥዕል ያልፋል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን 216,000 ሥዕል ነው። ሪባኑ ሙቀትና እርጥበት ካገኘው ከውስጡ አሲድ ይወጣዋል፣ ቆርቆሮውን ስትከፍቱት አቼቶ አቼቶ ይሸታል፤ ከዚያ ይኮማተራል፣ ይሰባበራል። አንዱ ጥቅል ከጀመረ ጎረቤቱንም ይይዘዋል። ማዳኛው ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ማደስ ማለት ደግሞ ዋናውን ኔጋቲቭ ፈልጎ ማግኘት፣ ማጠብ፣ እያንዳንዱን ሥዕል በስካነር ማንሣት፣ ጭረቱን አንድ በአንድ ማጥፋት ነው። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የማያውቀውን ፊልም ለማዳን ደግሞ ማንም ገንዘብ አያወጣም።

ስለዚህ ከላቦራቶሪው በፊት ነዝናዛ ያስፈልጋል። የኃይሌ የትምህርት ቤት ጓደኛ ቻርልስ በርኔት "ኪለር ኦቭ ሺፕ"ን እ.ኤ.አ. በ1977 ጨርሶ ፊልሙ ሠላሳ ዓመት ያህል ሲኒማ ቤት በወጉ ሳይገባ ቀረ፤ ውስጡ ለተሰሙት ዘፈኖች መብት የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። ዩኒቨርሲቲያቸው አድሶት፣ የዘፈኑ ተከፍሎ፣ በ2007 ሲወጣ እንደ አዲስ ተወራለት። ኃይሌ ራሱ "ሳንኮፋ"ን በ1993 ይዞ ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አጣ፤ ሲኒማ ቤት በራሱ ተከራይቶ ከተማ ለከተማ አሳየው። ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሲያስተምርበት ከኖረው ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ከባለቤቱ ጋር የከፈተው መጻሕፍት ቤትም ሳንኮፋ ይባላል። በ2021 አሜሪካዊቷ ዳይሬክተር አቫ ዱቨርኔይ በድርጅቷ በኩል ያን ፊልም አሳድሳ ኔትፍሊክስ ላይ አወጣችው። "ምርት"ም ሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ላይ እ.ኤ.አ. በ1976 ተሸልሞ፣ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ2006 ካን ለድሮ ፊልሞች በለየው ክፍል እንደገና ታየ።

አገር ቤት ያሉት ፊልሞች ዕድላቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የኢትዮጵያ ፊልም የሚባለው፣ በ1957 ዓ.ም. የወጣው "ሂሩት አባቷ ማነው?" ብዙ ሰው ስሙን ያውቃል፤ ያየውን ብትጠይቁ ግን ሰው ያንሳችኋል። የሚሼል ፓፓታኪስ "ጉማ" በፊልም ሽልማት ስም ተርፏል። በየዓመቱ ዋንጫውን እየተቀበሉ "ጉማ" የሚሉት ወጣት ተዋንያን ስንቶቹ ፊልሙን እንዳዩት ብጠይቅ ነገረኛ እባላለሁ።

ከሁሉ የገረመኝ "ምርት" ግርጌ ላይ የሚሮጠው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። አጎቴ "ይኸ ምንድን ነው?" አለኝ። አማርኛ ለማይሰሙ ነው አልኩት። "ታዲያ እነሱ ቀድመው አዩት?" መልስ አልነበረኝም።

የፊልሙ መጨረሻ ላይ የጭሰኞቹ ወንድ ልጅ የጭነት መኪና ኋላ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አጎቴ ሲያየው ቆየና ጋቢውን አስተካክሎ ተነሣ። "እሑድ የሰንበቴው ተራ የኔ ነው" አለ። "ይኸንን ነገርህን ቻርጅ አርገህ ይዘኸው ና።"